ከደረት በታች አመድ

«ያን ሥራ እኔ ልውሰደው» አለች እፀገነት።

ለሊሳ ከላፕቶፑ ቀና አለ። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ያለችው ጠባብ የሶፍትዌር ቢሮ የእሱ ናት፤ እፀገነትና ዮርዲ ሠራተኞቹ ናቸው። እስከዚያ ቀን ድረስ አስቸጋሪ ሥራ ሲመጣ ሁለቱም አንገታቸውን ነበር የሚደፉት።

«የቱን?»

«የፎቶ ቤቱን። አሥራ ስምንት ማዞሪያ ያለውን።»

ዮርዲ ወንበሯን አዙራ አፈጠጠችባት። ዓይኗ «አብደሻል?» ይላል፤ አፏ ግን ለሊሳ ፊት አልተከፈተም። ለሊሳ ነገሩን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የፎቶ ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተር ሊሞት እያጣጣረ መሆኑን፣ ውስጡም የስንት ዘመን ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት እንዳለ ነው።

«ቀላል እንዳይመስልሽ» አላት። «ሰው ፎቶውን በፋይል በፋይል ያስቀምጣል። እነዚህ ግን ከደንበኛው ስምና ስልክ ጎን እዚያው ዳታቤዙ ሠንጠረዥ ውስጥ ነው የሚከቱት። አንዱ የሠርግ ፎቶ ብቻውን እንደ ቁም ሣጥን ነው። ይኼን ሁሉ ከአሮጌው ሠንጠረዥ አውጥተሽ አዲሱ ውስጥ ልትጨምሪ ነው።»

«አውቃለሁ። አይቼዋለሁ።»

«የት አየሽው?»

«ጉርድ ፎቶ ልነሣ ሄጄ።»

ውሸት አልነበረም። ከፍቅረማርያም ጋር የተዋወቁት እንደዚያ ነው። ለፓስፖርት የሚሆን ጉርድ ፎቶ ልትነሣ ገባች፤ እሱ ከካሜራው ጀርባ ሆኖ «መሳቅ አይፈቀድም» አላት።

«አልሳቅሁም።»

«ዓይንሽ እየሳቀ ነው። እነዚያ ሰዎች ዓይንም ይቆጥራሉ።»

ያን ጊዜ ከልቧ ሳቀች። ደጋግሞ አነሣት፤ አንዱም ለፓስፖርት የሚሆን አልወጣም። የመጨረሻውን ሊያስቀምጥ ሲል ኮምፒውተሩ ቀጥ አለበት። እሷ ሳትጠራ ባንኮኒውን ዞራ ገባችና ስክሪኑን አየች።

«ፎቶውን ሠንጠረዥ ውስጥ ነው እንዴ የምትከቱት?»

«እኔ እንጃ። ፕሮግራሙን የሠራልን ልጅ ከጠፋ ቆየ።»

«አንድ ቀን ይፈነዳባችኋል።»

«ያኔ ትመጪልኛለሽ?» አለ። ቀልዱን ነበር። ዓይኑ ግን ቀልድ አልነበረበትም፤ እሷም ዓይኗን ለመመለስ ከሚገባው በላይ ቆየች።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስትወጣ ፌርማታው ላይ ቆሞ ታገኘዋለች። ሚኒባሱ ሲሞላ ደስ ይላቸዋል፤ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። አንዳንድ ቀን ከማዞሪያው እስከ ሰፈሯ ቀራንዮ በእግር ይሸኛትና ብዙ ሳይናገሩ ይደርሳሉ። እሱ ዝም ሲል እንኳ ነገር የሚነግራት ይመስላታል። በኋላ የጠላችውም ይህንኑ ዝምታውን ነው።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ላከ። ደንቡ አባት አብሮ እንዲሄድ ባይፈቅድም፣ አባቱ አቶ ሀብተሥላሴ ለልጃቸው ክብር ሲሉ ራሳቸው ከሽማግሌዎቹ ጋር መጡ። እፀገነት ከእናቷ ጋር ጓዳ ነበረች፤ ከበሩ መጋረጃ ማዶ የሰዎች ድምፅ እንጂ ቃሉ አይሰማም። አባቷ አቶ ኃይለ መስቀል፣ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ሰዎቹን እንደ ወጉ ተቀብለው እንደ ወጉ ቀጠሮ ሰጧቸው።

የቀጠሮው ዕለት በግ ታረደ። አጎቶቿ ከደብረ ብርሃን መጡ። የዕድሩ ወንበር ግቢውን ሞላ። አባቷ ለልጃቸው ምርቃት የገዙትን ክራቫት አስረው በሩን ፊት ለፊት ተቀመጡ።

ማንም አልመጣም።

ጥብሱ በረደ፤ እንደገና ሞቀ፤ እንደገና በረደ። እፀገነት ጓዳ ውስጥ ሆና ደወለች። ስልኩ ይጠራል፤ አይነሣም። ወደ ማታ አንዱ አጎቷ «ሽማግሌዎቹ መንገድ ጠፋባቸው እንዴ?» አለ። ከጎረቤቶቹ አንዱ ሳቀ። አባቷ ክራቫታቸውን ቀስ ብለው ፈቱት፣ እንደ መሐረብ አጣጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት።

ከዚያ ወዲህ አቶ ኃይለ መስቀል ወደ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በላይኛው መንገድ አይሄዱም። በላይኛው መንገድ ሰው አለ። ሰው ደግሞ «የልጅቱ ነገር እንዴት ሆነ?» ይላል። ሽማግሌው ወገባቸውን እያመማቸው ታችኛውን ጭቃ ዞረው ይሄዳሉ።

ፍቅረማርያም እሷን ትቷት ብቻ ቢሆን ኖሮ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። ያንን መንገድ ግን ይቅር ልትለው አልቻለችም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እፀገነት አልረሳችም። ጊዜዋን ነበር የምትጠብቀው።

አሮጌውና አዲሱ ኮምፒውተር ተጭነው ቢሮ መጡ። ጎን ለጎን አስቀምጣቸው በገመድ አገናኘቻቸው፤ ማስተላለፊያውን ፕሮግራምም አስነሣችው። አሮጌው እያጓራ ሰጠ፤ አዲሱ ድምፁን ሳያሰማ ተቀበለ። በማግሥቱ ስትመለስ ሥራው ተጠናቋል። ስህተት የሚል ቃል የለም። በሁለቱም ሠንጠረዥ ያሉት ፎቶዎች ቁጥር እኩል ነው።

አንዱን ጉርድ ፎቶ ከፈተች፤ ደህና ነው። ሌላ ጉርድ ከፈተች፤ ደህና ነው። ቀጥላ አንድ የሠርግ ፎቶ ከፈተች።

የሙሽራዋ ፊት ወጣ። ቬሎው ወጣ፣ የአንገት ሐብሏ ወጣ። ከደረቷ በታች ግን ምንም የለም፤ እንደ አመድ ያለ ግራጫ ቀለም ብቻ እስከ ታች ተዘርግቷል።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባት። ማስተላለፊያው አንድ ፎቶ ሲያሳልፍ የሚሸከመው ልክ አለው። ከዚያ ልክ የበለጠውን ይቆርጠዋል፤ ቆረጥኩም አይልም። ትንንሾቹ ጉርዶች ሙሉ ሆነው ያልፋሉ። ትልልቆቹ፣ ሰው ሕይወቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቅላቸው፣ እዚያው መንገድ ላይ ይጎመዳሉ። ቆጥሮ ለሚያይ ሰው ግን አንድም አልጎደለም።

ማስተካከሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። እጇን ኪቦርዱ ላይ አደረገች። ቆየች። ከዚያ አነሣችው።

«አለቀ?» አለች ዮርዲ።

«ቁጥሩ ልክ ነው።»

«ስለ ቁጥሩ አልጠየቅሁሽም።» ዮርዲ ተነሥታ ከጀርባዋ ልትቆም ስትል እፀገነት ፎቶውን ዘጋችው። «እፁ፣ ፊትሽ ደስ አላለኝም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላል አባቴ።»

«እኔ መቼ ጸለይኩ? ሥራ እየሠራሁ ነው።»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ» አለች ዮርዲ።

በውሉ መሠረት ርክክቡ ሲፈረም አሮጌው ኮምፒውተር እዚያው ባለቤቱ ፊት ይደመሰሳል፤ የሰው ገመና ሌላ እጅ እንዳይገባ። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለም። እፀገነት ምንም ማድረግ አያስፈልጋትም። ዝም ማለት ብቻ ይበቃታል።

የቀረውን ቀን የተቆረጡትን ፎቶዎች አንድ በአንድ እየከፈተች ዋለች፤ ማር የምትልስ ይመስል። ሚዜዎች፣ ሽማግሌዎች፣ የክርስትና ሕፃናት፤ ሁሉም ከደረት በታች አመድ። ጥር ይመጣል። ሰዎች አልበም ሊያሠሩ፣ ፎቶ ሊያሳጥቡ ይመጣሉ። ፎቶዬ የት ገባ ይላሉ። መልስ አይኖረውም። ሰው ፊት ቆሞ መልስ ማጣት ምን እንደሚመስል ያየዋል። ይደውልላታል። ስልኳ ይጠራል፤ አታነሣውም። ማዞሪያው ላይ ስሙ ይወራል፤ እሱም እንደ አባቷ ታችኛውን መንገድ ይለምዳል። የፎቶዎቹ ባለቤቶች ፊት እያንዳንዱ ከስክሪኑ ቀጥ ብሎ ያያታል። እሷ ግን ወደሚቀጥለው ታልፋለች።

የርክክቡ ቀን ሁለቱን ኮምፒውተር በኮንትራት ታክሲ አስጭና አሥራ ስምንት ማዞሪያ ወረደች።

ፍቅረማርያም በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር፤ ዕቃ ሊያወርድ ወደ ታክሲው ሲጠጋ አያት። የያዘውን ገመድ ሳያውቀው ለቀቀው። ከስቷል። ፂሙን አሳድጓል፤ ፂሙ አላማረበትም፤ ይህም ደስ አላት።

«እፁ።»

«እንደምን ዋሉ» አለችው።

ፊቱን በጥፊ እንደ መቱት ሰው ሆነ። ኮምፒውተሮቹን ተሸክሞ አስገባ። ውስጥ ጥግ ላይ አንድ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። ቤቱ ፎቶ ቤት ከመሆኑ በፊት የእሳቸው የጫማ መደብር ነበር፤ አሁንም ከሰዓት በኋላቸውን እዚያ ነው የሚያሳልፉት። አቶ ሀብተሥላሴ እሷን በዓይን አያውቋትም። ሰላም ብለዋት ወደ ጋዜጣቸው ተመለሱ።

«ለአንቺ ሰጡሽ?» አለ ፍቅረማርያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ለምኜ ነው የወሰድኩት።» ገመዶቹን ሰካች። «በሁለቱም በኩል ቁጥሩ እኩል ነው። አረጋግጠው ይፈርሙልኝ። ከዚያ አሮጌውን ፊትዎ እደመስሰዋለሁ።»

«እኔ ነኝ አንቱ?»

«እዚህ ሌላ ደንበኛ አለ?»

እስክሪብቶ አነሣ። «አንቺ የሠራሽውን አላይም። የት ጋ ነው የምፈርመው?»

ይህ እምነቱ ከሁሉ በላይ አናደዳት። ያን ቀን የት ነበር? «ይዩ እንጂ» አለች። «ሰው አምኖ ሲቀመጥ ምን እንደሚደርስበት እኔ አውቃለሁ።»

አንገቱን ደፋ። አዲሱን ኮምፒውተር ከፍቶ አንድ ስም ጻፈ፤ የማንን ስም እንደጻፈ አላየችም። ፎቶው ወጣ። የእሷ ጉርድ ነበር፤ ከንፈሯ ገጥሞ ዓይኗ የሚስቅበት። ትንሽ ፎቶ ስለሆነ ሙሉ ነው።

ሁለቱም አዩት። ከውጭ «ዓለም ባንክ፣ ዓለም ባንክ፣ አንድ ሰው» ይላል ረዳቱ።

«ልክ ነው» አለ ፍቅረማርያም። ፈረመ።

እፀገነት ወደ አሮጌው ኮምፒውተር ዞራ የመደምሰሻውን ትእዛዝ ጻፈች። ጣቷን ቁልፉ ላይ አስቀመጠች። ያኔ በሩ ተከፈተና ጥቁር ነጠላ የለበሰች ሴት ገባች።

«ብርቅዬ ነኝ» አለች። «የሠርጌን ፎቶ ያነሣችሁት እናንተ ናችሁ። እናቴ ዐረፈችብኝ። ለሙት ዓመቷ ትልቅ አሠርቼ ላቆም ፈልጌ ነበር። እሷ ቆማ እኔን የምትመርቅበት አለ፤ ሙሉ ቁመቷን የሚያሳየው። እሱን።»

«ነፍስ ይማር» አለ ፍቅረማርያም። «አሁኑኑ።»

ወደ አዲሱ ኮምፒውተር ሄደ። እፀገነት ጣቷን ሳታነሣ ፊቷን ወደ እሱ መለሰች። ያን ፊት ለማየት ዓመት ሙሉ ጠብቃለች። እንዲያመልጣት አልፈለገችም።

ፎቶው ወጣ። የአሮጊቷ ሹሩባ፣ ግንባራቸው፣ የተከፈተ አፋቸው። ትከሻቸው። ከዚያ አመድ።

ሴትዮዋ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «እጇስ?» አለች። «እየመረቀችኝ እኮ ነበር። እጇ የት ሄደ?»

ፍቅረማርያም ሌላ ፎቶ ከፈተ። አመድ። ሌላ። አመድ። ቀና ብሎ እፀገነትን አያት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ዓይኗን ማንበብ ድሮም ያውቅበታል። ፊቱ ከሰል መሰለ። ይህ ነበር የጠበቀችው ፊት። ግን አልጣማትም፤ ሴትዮዋ መሀል ቆማ ነበርና።

«እኅቴ» አለ ፍቅረማርያም ወደ ሴትዮዋ ዞሮ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «ዛሬ ገና ዕቃ እየገለበጥን ነው፤ ሥራው አላለቀም። ነገ ሙሉዋን ታገኛታለሽ።»

«እንዳትጠፋብኝ ብቻ። ሌላ የለኝም» ብላ ሴትዮዋ ወጣች።

በሩ ሲዘጋ እሱ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ልትደመስሺው ነበር?»

«ጣቴ ቁልፉ ላይ ነው፤ አታየውም?»

ዝም አለ። ዝምታው ያንን ሁሉ ቀን ቀሰቀሰባት። «አንተም ታውቅ ነበር» አለች፤ አንቱታው መቼ እንደጠፋ አላስተዋለችም። «በጉ እንደታረደ ታውቅ ነበር። አባቴ ክራቫት አስሮ በር በር እንደሚያይ ታውቅ ነበር። ስልኩን እያየህ ዝም አልክ። እኔም ዝም አልኩ። ያደረግሁት እሱን ብቻ ነው።»

ጋዜጣው ተንኮሻኮሸ። አቶ ሀብተሥላሴ ተነሥተዋል።

«የኃይለ መስቀል ልጅ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እንግዲያው አባትሽን ጠይቂው። ደጃፉ ላይ አቁሞ ዘሬን የጠየቀኝን ሰው።»

«ምን አሉ?»

«ዘራችሁን ቆጥራችሁ ኑ ነው ያለን።» ሽማግሌው ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኔ የተወለድኩት ከጅማ ማዶ ነው። አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። እሷ በሠራችው ማሰሮ አገር ወጥ ይሠራል፤ እኛ ሰው ቤት ስንሄድ ግን ውኃውን በእጃችን እፍኝ ነበር የሚያንቆረቁሩልን። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ አለች። የማን ዘር ነህ ይላሉ። እሷን ሸሽቼ ኮልፌ ገባሁ፤ ጫማ ሸጬ ልጅ አሳደግሁ። በእርጅናዬ ልጄን ልድር ብዬ ብሄድ እዚያው በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። እንዴት ልመለስ?»

እፀገነት ጣቷ ከቁልፉ ላይ መነሣቱን ያወቀችው በኋላ ነው።

«የኔሰውንም ጠይቀውታል» አለች።

«ማንን?»

«የእኅቴን ባል። ከእኛ ቤት ልጅ የጠየቀ ሁሉ ይጠየቃል። እስከ ሰባት ቤት ድረስ አንድ አያት ላይ ከተገናኘን ጋብቻ የለም፤ ለእሱ ነው። የኔሰው አምስተኛው ላይ ሲደርስ ጠፍቶበት የጎረቤታቸውን አያት ቆጠረ። እስከ ዛሬ በዓል በመጣ ቁጥር ይሳቅበታል።» ወደ ሽማግሌው አንድ እርምጃ ተጠጋች። «አባቴ እርስዎ ሸክላ ሠሪ ይሁኑ ደብተራ አልጠየቀም። ዘመድ እንዳንሆን ነው የጠየቀው። ጳጳስ ሽማግሌ ሆኖ ቢመጣም ይጠይቃል።»

አቶ ሀብተሥላሴ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«አንተ እዚሁ ተወልደህ ይህን አታውቅም?»

«ምን አሉህ ብዬ አልጠየቅሁህም» አለ ፍቅረማርያም። «ተዋረድን አልከኝ። አልቅሰህ ነበር፤ ከዚያ በፊት ስታለቅስ አይቼህ አላውቅም። እዚያ ቤት ከሄድክ አባት የለህም አልከኝ።» ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ ጓዳ ነበርሽ። ስድቡን ሰምተሽ ዝም ያልሽ መሰለኝ። ስትደውዪ ልታስታርቂኝ ነው ብዬ አላነሣሁም።»

«አንድ ጊዜ ብታነሣው ያልቅ ነበር።»

«አዎ» አለ።

ሌላ ምክንያት አልጨመረም። ቢጨምር ኖሮ ትታው ትወጣ ነበር። ቁጣዋ አልወረደም፤ የሚያርፍበት ቦታ ግን ጠፋው። እዚያው ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«ወንበር አምጣልኝ» አለችው። «ለአንተ ብዬ አይደለም። ለዚያች ሴት እናት ነው።»

አዲስ ማስተላለፊያ ጻፈች። በጠባብ በር አልገባ ያለ ሶፋ እግሩ ተነቅሎ፣ መደገፊያው ተፈትቶ ገብቶ ውስጥ እንደሚገጠም፣ እያንዳንዱን ትልቅ ፎቶ ከፋፍሎ የሚያሳልፍና አዲሱ ሠንጠረዥ ላይ ሲደርስ መልሶ የሚገጣጥም። አሁን አልቆጠረችም፤ የእያንዳንዱን ፎቶ ክብደት በሁለቱም ወገን እያስመዘነች አስተያየች። ፍቅረማርያም ጎኗ ተቀምጦ የደረሰውን ይከፍታል።

«እጃቸው መጣ» አለ በሹክሹክታ።

ቀና አለች። የብርቅዬ እናት ሙሉ ቁመታቸውን ቆመዋል፤ ሁለት እጃቸውን ዘርግተዋል።

አሮጌው ኮምፒውተር ግን ማጓራቱ ተለወጠ። ቅድም ያልነበረ መንቋቋት ጀመረው። እፀገነት ድምፁን ታውቀዋለች። ቢሮ ውስጥ ፎቶ እያየች ተደስታ የዋለችበትን ቀን አስታወሰች፤ ያን ቀን ብትጀምር ኖሮ። ከሰዓት በኋላው ተጋምሶ ነበር መንቋቋቱ ሲያቆም። ስክሪኑ ጠቆረ። ደግማ ብታስነሣው አልነሣም አለ።

አብዛኛው ተሻግሯል። ጥቂት ሠርጎች ግን አልደረሱም፤ የእነሱ አመድ አመድ ሆኖ ይቀራል።

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «እኔ ነኝ የምደውልላቸው» አለች ከእጇ ሥር። «ምን እንዳደረግሁ እነግራቸዋለሁ።»

«አንቺ ብቻሽን አይደለሽም» አለ ፍቅረማርያም። «እኔ ስልክ ባለማንሣቴ ነው እዚህ የደረስነው። አብረን እንደውል።»

ደወሉ። አንዷ ረገመቻቸው። አንዱ «እኔ ተፋትቻለሁ፤ ገላገላችሁኝ» ብሎ ሳቀ። አንዲት እናት ምንም ሳትናገር ዘጋችው፤ ከሁሉም የከበዳቸው የእሷ ነበር። ከዚያ ጥሪ በኋላ እጁ ባንኮኒው ላይ ወደ እጇ ተጠጋ። አልነካትም። እሷም አላራቀችውም።

ልትወጣ ስትል አቶ ሀብተሥላሴ በሩ ላይ ጠበቋት።

«ብመጣ አባትሽ በር ይከፍትልኛል?»

«አላውቅም። አልለምንልዎትም» አለች። «በድብቅ አይምጡ ግን። አባቴ ሰው ፊት ነው የተዋረደው። መንገዱ ሲሞላ ይምጡ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን ነቀነቁ።

የጥቅምት መድኃኔዓለም ዕለት፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ አቶ ሀብተሥላሴ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው በላይኛው መንገድ መጡ። ሽማግሌዎቹ እነ እፀገነት ደጃፍ ላይ ሲቆሙ ጎረቤቱ ሁሉ እርምጃውን ገታ። እፀገነት ለአባቷ አስቀድማ የነገረችው እውነቱን ብቻ ነበር።

አቶ ኃይለ መስቀል ወጡ። ግቡ አላሉም። ተቀመጡ አላሉም። ደጃፉ ላይ አቁመው በደንብ አዩዋቸው፤ መንገደኛውም እንዲያይላቸው ጊዜ ሰጡት። እፀገነት በዚህ ጊዜ ጓዳ አልገባችም። መጋረጃውን ይዛ ቆማ አባቷ በቀላቸውን ሲያጣጥሙ አየች፤ አላስቸኮለቻቸውም።

«ቀጠሮ አልፎ የምን ሽማግሌ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ዘሬን ቆጥሬ መጣሁ» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። «አባቴ ገብረጊዮርጊስ ነው። የአባቴ እናት አስካለች።» ቆም አሉ። ድምፃቸውን ለመንገዱ ጭምር አነሡት። «አስካለች ሸክላ ሠሪ ነበረች። የእሷም አባት ሸክላ ሠሪ ነው።»

ሽማግሌው የሚመጣባቸውን ለመቀበል ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«ቀጥሉ» አሉ አቶ ኃይለ መስቀል።

ዓይናቸውን ገለጡ። ቀጠሉ። አንዳንዱን ስም ሲጠሩ ድምፃቸው ይሰበራል፤ እንደገና ይነሣል። ሰባተኛው ቤት ሲደርሱ አቶ ኃይለ መስቀል ጣታቸውን አጠፉ።

«ዝምድና የለንም» አሉ። ከዚያ ትንሽ አስበው፣ «ተመካክረን እንነግራችኋለን። ጾሙ ይግባ፤ ይውጣ። ከገና በኋላ ተመለሱ።»

«ከገና በኋላ?»

«አልቸኮልንም» አሉ አባቷ።

አቶ ሀብተሥላሴ እጅ ነሥተው ሄዱ። ከመንገዱ ማዶ፣ ሚኒባስ ጥግ ቆሞ የሚጠብቀውን ፍቅረማርያምን እፀገነት አየችው። እሱም አያት። በእጁ ምን አሉ ብሎ ጠየቃት። መጋረጃውን ለቀቀችው።

እራት ላይ አቶ ኃይለ መስቀል በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ ወደ ልጃቸው ሳያዩ ተናገሩ።

«ይኼ ልጅ ፎቶ አንሺ ነው አይደል ያልሽኝ?»

«አዎ አባዬ።»

«ታዲያ ሙሽራው እሱ ከሆነ፣ የሠርጉን ፎቶ ማን ሊያነሣ ነው?»

እናቷ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። እፀገነት ሳህኖቹን ደራረበች።

«ከማዞሪያው ማዶ ያለው ተፎካካሪው» አለች። «ይክፈለው።»